የተለያየ ዜግነት ያላቸው የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች የኢሚግሬሽን መሰናክሎች

የተለያየ ዜግነት ያላቸው የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች የኢሚግሬሽን መሰናክሎች የሚባሉት፣ ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች በፍቅር ወይም በትዳር አብረው ለመኖር ሲፈልጉ፣ አንዳቸው የሌላው አገር ዜጋ ባለመሆናቸው ቪዛ፣ የመኖሪያ ፈቃድና ዜግነት ለማግኘት የሚያጋጥሟቸው የሕግና የአሠራር እንቅፋቶች ናቸው። አብዛኞቹ አገሮች ለዜጎቻቸው የትዳር ጓደኞች የተለየ የመግቢያ በር አላቸው። ትዳሩ በሕግ ካልታወቀ ግን ያ በር አይከፈትም፤ የውጭ ዜጋ የሆነው ወገንም እንደ ማንኛውም እንግዳ ሰው በሥራ፣ በትምህርት ወይም በጉብኝት ቪዛ ብቻ ለመግባት ይገደዳል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ሁለት ገጽ አለው። አንደኛ፣ የቤተሰብ ሕጉ እንዲህ ያለውን ትዳር አያውቀውም። ሁለተኛ፣ የወንጀል ሕጉ ድርጊቱን በእስራት ያስቀጣል። ስለዚህ ለጥንዶቹ አንዱ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ሌላው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነው። ሁለቱ የማይገናኙ ይመስላሉ። ነገር ግን በውጭ አገር ኤምባሲዎችና ፍርድ ቤቶች ፊት ብዙ ጊዜ በአንድ መዝገብ ውስጥ ይገኛሉ።

የኢትዮጵያ ሕግ

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንድ ጾታ መካከል የሚፈጸም ግብረ ሥጋን ያስቀጣ ነበር። ይህንን የተካው በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣውና በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ክልከላውን አስቀጥሏል። አንቀጽ 629 ከተመሳሳይ ጾታ ሰው ጋር ግብረ ሰዶም ወይም ለንጽሕና ክብር ተቃራኒ የሆነ ሌላ ድርጊት የፈጸመ ሰው በቀላል እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት የሚደርስ ቅጣት ነው። አንቀጽ 630 ደግሞ ቅጣቱን የሚያከብዱ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፤ በነዚህ ጊዜ ቅጣቱ ከ1 ዓመት የማያንስ ሲሆን፣ ከባድ በሆነ ጊዜ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። አንቀጾቹ ወንድንና ሴትን፣ ኢትዮጵያዊንና የውጭ ዜጋን አይለዩም፤ አገር ውስጥ የተፈጸመ ድርጊት የፈጻሚው ፓስፖርት የየትም ይሁን በዚሁ ሕግ ይታያል።

የትዳሩ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይገዛል። በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸም ጋብቻ ተፈጸመ የሚባለው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ቀርበው ፈቃዳቸውን ሲሰጡ ነው። ለተለያየ ዜግነት ጥንዶች ይበልጥ የሚያገባው ግን የዚሁ ሕግ አንቀጽ 5 ነው። በውጭ አገር፣ በዚያ አገር ሕግ መሠረት የተፈጸመ ጋብቻ የሕዝብን ሞራል እስካልተቃረነ ድረስ በኢትዮጵያም ይጸናል ይላል። ቶሮንቶ ወይም ስቶክሆልም ላይ የተጋቡ ወንድና ሴት የጋብቻ ምስክር ወረቀታቸውን አስተርጉመውና አረጋግጠው አዲስ አበባ ላይ ሊጠቀሙበት የሚችሉት በዚህ አንቀጽ ነው። ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ግን ያችው አንዲት ሐረግ፣ «የሕዝብን ሞራል» የምትለው፣ በሩን ትዘጋለች፤ የወንጀል ሕጉ የሚያስቀጣውን ግንኙነት የክብር መዝገብ ሹም ሊያጸናው አይችልምና።

ይህ በዜግነት ሕጉም ላይ ይንጸባረቃል። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 6 መሠረት ከኢትዮጵያዊ ጋር የተጋባ የውጭ ዜጋ፣ ጋብቻው ከተፈጸመ 2 ዓመት ካለፈውና ከማመልከቱ በፊት ቢያንስ 1 ዓመት በኢትዮጵያ ከኖረ፣ የኢትዮጵያ ዜግነት ሊጠይቅ ይችላል። አዋጁ በውጭ አገር ሕግ የተፈጸመ ጋብቻንም ይቀበላል። ጽሑፉን ብቻ ያነበበ ሰው ክፍተት ያየ ሊመስለው ይችላል፤ ከቤተሰብ ሕጉ ጋር አብሮ ሲነበብ ግን ክፍተቱ የለም። ተቃራኒውም አለ፦ ይኸው አዋጅ ኢትዮጵያዊው ሌላ ዜግነት ሲወስድ የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደሚያጣ ስለሚደነግግ፣ ከትዳር ጓደኛው ጋር ለመኖር ብሎ የሌላ አገር ዜጋ የሆነ ሰው ወደ ትውልድ አገሩ የሚመለሰው እንደ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነው።

ቃሊቲ ማረሚያ ቤት

ቃሊቲ በዋና ከተማዋ ከሚገኙት የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች በይበልጥ የሚታወቀው ነው። ስሙ ከአገር ውጭ የተሰማው በአብዛኛው በፖለቲካ እስረኞቹ ምክንያት ነው፤ ብርቱካን ሚደቅሳ፣ እስክንድር ነጋና ርዕዮት ዓለሙ እዚያ ታስረዋል። ግቢው በስምንት ዞኖች ተከፍሎ ይታወቅ ስለነበር፣ በ2004 ዓ.ም. የተሰባሰቡ የበይነ መረብ ጸሐፊዎች ከአጥሩ ውጭ ያለውን አገር በሙሉ ዘጠነኛ በማድረግ ራሳቸውን «ዞን 9» ብለው ሰየሙ።

ለዚህ ርዕስ ቃሊቲ የሚያገባው በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው የጥየቃ ጉዳይ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 እስረኞች ከትዳር ጓደኞቻቸው፣ ከቅርብ ዘመዶቻቸው፣ ከጓደኞቻቸው፣ ከሃይማኖት አማካሪዎቻቸው፣ ከሐኪሞቻቸውና ከጠበቆቻቸው ጋር እንዲገናኙ መብት ይሰጣል። ስንቅ ይዞ በር ላይ የሚሰለፍ ቤተሰብ «ምኑ ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሚስት ወይም ባል የሆነ ሰው መልስ አለው። የተመሳሳይ ጾታ ጓደኛ ግን ሊመዘገብ የሚችለው «ጓደኛ» ተብሎ ብቻ ነው። የታሰረው በአንቀጽ 629 ከሆነ ደግሞ ራሱን ማቅረቡ ራሱን መክሰስ ሊሆን ይችላል። የታሰረው የውጭ ዜጋ ከሆነ የአገሩ ቆንስላ እንዲያውቅና እንዲጠይቀው የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት ይፈቅዳል፤ ኢትዮጵያዊ ሆኖ የውጭ አገር ጓደኛ ላለው እስረኛ ግን የጓደኛው ኤምባሲ ምንም ሊያደርግለት አይችልም፤ ዜጋው አይደለምና።

ሁለተኛው የይቅርታ ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ብዙ እስረኞች ከቅጣታቸው ጊዜ በፊት የሚወጡት በይቅርታ ነው። በ2004 ዓ.ም. በፀረ ሽብር ሕጉ 11 ዓመት ተፈርዶባቸው የነበሩት ሁለቱ የስዊድን ጋዜጠኞች ማርቲን ሺቢዬና ዮሃን ፔርሾን ከቃሊቲ ወጥተው አገራቸው የገቡት በዚሁ መንገድ ነበር። በ2006 ዓ.ም. አዲስ የይቅርታ አዋጅ ሲረቀቅ፣ ይቅርታ ከማይደረግላቸው ወንጀሎች መካከል ግብረ ሰዶም እንዲካተት ታስቦ ነበር። ረቂቁ ከወጣ ከሳምንታት በኋላ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ፣ በወቅቱ የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ኃላፊ የነበሩት ሬድዋን ሁሴን ሐሳቡ መቅረቱን ተናገሩ፤ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ ቢቀጥልም ይህን ያህል የከበደ ችግር ተደርጎ እንደማይታይ ገለጹ። ታስቦ የነበረው ፀረ ግብረ ሰዶም የአደባባይ ሰልፍም ተሰረዘ። ለውጭ ታዛቢዎች ነገሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ በማረሚያ ቤት ላለ ሰው ግን የይቅርታ ዝርዝር ውስጥ መግባትና አለመግባት ትልቁ ልዩነት ነው።

በሌሎች አገሮች ክልከላው የወደቀበት መንገድ

ዛሬ ጥንዶችን የሚቀበሉ አገሮች ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ራሳቸው ይከለክሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ «የአእምሮ ጠማማነት» አለባቸው የሚላቸውን የውጭ ዜጎች ከመግባት ያግድ ነበር፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1967 በካናዳዊው ክላይቭ ቡቲሊየር ጉዳይ ሐረጉ ግብረ ሰዶማውያንን እንደሚጨምር ወሰነ። እገዳው ከሕጉ የወጣው በ1990 ነው።

የጥንዶቹ ታሪክ ግን በሪቻርድ አዳምስና በአንቶኒ ሱሊቫን መዝገብ ይበልጥ ይታያል። አዳምስ በትውልድ ፊሊፒናዊ የሆነ አሜሪካዊ፣ ሱሊቫን አውስትራሊያዊ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1975 በኮሎራዶ ግዛት በቦልደር ከተማ አንዲት የመዝገብ ጸሐፊ የጋብቻ ፈቃድ ስለሰጠቻቸው ተጋቡ፤ አዳምስም ለባለቤቱ የመኖሪያ ፈቃድ ጠየቀ። መሥሪያ ቤቱ ጥያቄውን በስድብ ቃል በተሞላ ደብዳቤ መለሰው። በ1982 የይግባኝ ፍርድ ቤት የኢሚግሬሽን ሕጉ «የትዳር ጓደኛ» ሲል ወንድና ሴትን ብቻ ነው ብሎ አጸናው። ሁለቱ አገር ለቀው ተንከራተቱ፤ ኋላም ተመልሰው ያለ ወረቀት አብረው ኖሩ። አዳምስ በ2012 ሞተ። ሱሊቫን በ1975ቱ ጋብቻ መሠረት፣ የሟች አሜሪካዊ ባለቤት ተብሎ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን ያገኘው በ2016 ነው። መንገዱን የከፈተው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 26 ቀን 2013 በዊንድዘር ጉዳይ ያሳለፈው ውሳኔ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የዲቪ ሎተሪ የደረሰው ሰውም ቢሆን የተመሳሳይ ጾታ የትዳር ጓደኛውን እንደ ማንኛውም ሰው ማስመዝገብ ይችላል።

በአፍሪካ ቀዳሚው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ በዚያ ደግሞ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ጋብቻን ቀደመ። የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 2 ቀን 1999 (እ.ኤ.አ.) ለውጭ ዜጋ የትዳር ጓደኞች ቅድሚያ የሚሰጠው የሕግ አንቀጽ የተመሳሳይ ጾታ የሕይወት አጋሮችን ማግለሉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ፤ የጎደሉትን ቃላትም ፍርድ ቤቱ ራሱ ጨመረ። ጋብቻው የተፈቀደው ከዚያ 7 ዓመት ቆይቶ በ2006 ነው። በጆሃንስበርግ ጄፒ ጎዳና ብዙ ኢትዮጵያውያን ሱቅ ከፍተው የሚኖሩባት ይህች አገር፣ ለአፍሪካውያን ጥንዶች በአህጉሩ ላይ ሊጋቡ የሚችሉባት ብቸኛ አገር ሆና ቆይታለች።

በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ሰኔ 5 ቀን 2018 በኮማን ጉዳይ፣ ሮማንያዊ ዜጋ ብራስልስ ላይ ያገባውን አሜሪካዊ ባል ሮማንያ እንድታስገባ ወሰነ። ፍርዱ ሮማንያ እንዲህ ያለውን ጋብቻ በሕጓ እንድትፈቅድ አያስገድድም፤ የመኖሪያ መብቱን ግን ልትከለክል አትችልም። ትዳርን አለማወቅና ሰውን አለማስገባት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በግልጽ የለየ ፍርድ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል።

የወረቀቱ አስቸጋሪነት

የተቀባዩ አገር ሕግ ተለወጠ ማለት ኢትዮጵያዊው ወገን ያለ ችግር ይሄዳል ማለት አይደለም። የአሜሪካ ሕግ ትዳርን የሚመዝነው በተፈጸመበት ቦታ ሕግ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ሊፈጸም የሚችል ጋብቻ ስለሌለ ጥንዶቹ ሦስተኛ አገር መፈለግ አለባቸው። ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ ሊገባባት የምትችለው ጎረቤት ኬንያ ለመገናኘት ትመቻለች፤ ለመጋባት ግን አትሆንም፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በግንቦት 2019 (እ.ኤ.አ.) እስከ 14 ዓመት የሚያሳስረውን አንቀጽ አጽንቶታል። በበይነ መረብ የሚፈጸም ጋብቻም ቢሆን፣ ጥንዶቹ ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ በአካል ካልተገናኙ ለአሜሪካ ኢሚግሬሽን አይጠቅምም። በሌላ በኩል አሜሪካዊው ወገን የእጮኛ ቪዛ ሊጠይቅ ይችላል፤ ይህም ጥንዶቹ ባለፉት 2 ዓመታት ውስጥ በአካል መገናኘታቸውን ማሳየት ይጠይቃል።

ከነዚህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ሁኔታ የሚስማማው የካናዳ ሕግ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራ ላይ የዋለው የካናዳ የኢሚግሬሽን ሕግ ከትዳር ጓደኛና አብሮ ከሚኖር አጋር ሌላ ሦስተኛ ክፍል አለው፦ ቢያንስ ለ1 ዓመት የጸና ግንኙነት ኖሯቸው፣ በሕግ ወይም በኢሚግሬሽን እንቅፋት ምክንያት ሊጋቡም አብረው ሊኖሩም ያልቻሉ ሰዎች። ሕጉ እንቅፋቱን እንደ ጉድለት አይቆጥረውም፤ ራሱን እንደ ምክንያት ይቀበለዋል።

ነገር ግን የትኛውም አገር ማስረጃ ሳያይ ቪዛ አይሰጥም። የቪዛ መርማሪ አብረው የተነሷቸውን ፎቶዎች፣ የስልክ መልእክቶች፣ የገንዘብ ዝውውር ደረሰኞች፣ በጋራ ስም የተያዘ የባንክ ሒሳብ ወይም የቤት ኪራይ ውል፣ የዘመድ ወዳጅ የምስክርነት ደብዳቤ ይጠይቃል። ወንድና ሴት የሆኑ ጥንዶች የሽምግልናውን፣ የሠርጉንና የመልሱን አልበም ይዘው ኤምባሲ ይቀርባሉ። የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ግን ዓመታት ሙሉ የሠሩት ተቃራኒውን ነው፤ ፎቶ ሲያጠፉ፣ መልእክት ሲሰርዙ፣ ለቤት አከራይ «ወንድሜ ነው»፣ «እህቴ ናት» ሲሉ ኖረዋል። ለቪዛ መርማሪ የግንኙነቱ ማረጋገጫ የሆነው ያው ስልክ በፖሊስ እጅ ከገባ የክስ ማስረጃ ይሆናል። ስለዚህ ጥንቃቄያቸው ራሱ በኋላ «ግንኙነቱ እውነተኛ አይደለም» የሚል ጥርጣሬ ያመጣባቸዋል። ብዙ ጥንዶችን የሚጥለው ከሕጉ ይልቅ ይህ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ ከአገር ቤት የሚወጡ ወረቀቶች አሉ። በውጭ አገር ለመጋባት የሚጠየቀው ያላገባ ማስረጃ ከወረዳ ወይም ከኢትዮጵያ ኤምባሲ ይወጣል፤ ጠያቂው ማንን ሊያገባ እንዳሰበ የሚነሳ ጥያቄ የሚያስፈራውም እዚህ ላይ ነው። ለመኖሪያ ቪዛ ደግሞ ከፖሊስ የሚሰጥ ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ያስፈልጋል። በአንቀጽ 629 ተፈርዶበት ጥቂት ወራት እንኳ ታስሮ የወጣ ሰው፣ ቅጣቱን ከጨረሰ በኋላም ያ መዝገብ በኤምባሲው መስኮት ፊት ይከተለዋል።

ጥገኝነት

በትዳር መንገድ ያልተሳካለት ሰው የሚሞክረው ሌላው መንገድ ጥገኝነት ነው። አሜሪካ በ1990 በአንድ ኩባዊ ጉዳይ የተሰጠውን ውሳኔ በ1994 ለሁሉም መዝገቦች አስገዳጅ በማድረግ፣ የተመሳሳይ ጾታ ዝንባሌ ለስደተኝነት ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ተቀበለች። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 አንድ ኢራናዊና አንድ ካሜሩናዊ ባቀረቡት ጉዳይ፣ «አገርህ ተመልሰህ ራስህን ደብቀህ ኑር» ብሎ ጥገኝነት መከልከል እንደማይቻል ወሰነ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽንም በ2012 ተመሳሳይ መመሪያ አወጣ።

ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ ወሳኝ የሆነው ግን የአውሮፓ ፍርድ ቤት በኅዳር 2013 (እ.ኤ.አ.) ከሴራሊዮን፣ ከኡጋንዳና ከሴኔጋል የመጡ ሦስት ሰዎችን ጉዳይ አይቶ ያሳለፈው ፍርድ ነው። ፍርድ ቤቱ የሚያስቀጣ ሕግ መኖሩ ብቻውን ስደት አይደለም፤ የእስራት ቅጣቱ በተግባር የሚፈጸም ከሆነ ግን ስደት ነው አለ። ጥያቄው በአንድ ጊዜ ከሕግ መጽሐፍ ወደ ማረሚያ ቤት ተዛወረ። ብራስልስ ወይም ስቶክሆልም ላይ ያለ ዳኛ «በዚህ አንቀጽ ሰው ይታሰራል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የሚጠይቀው ቃሊቲንና መሰሎቹን ማረሚያ ቤቶች ነው። አመልካቾችና ጠበቆቻቸው መልሱን ከዜና ዘገባዎች፣ ከፖሊስ መግለጫዎችና ከተመለሱ ሰዎች ምስክርነት ይሰበስባሉ። ለምሳሌ በነሐሴ 2023 (እ.ኤ.አ.) የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ አስተዳደር ቢሮ ግብረ ሰዶም ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና መዝናኛ ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን በይፋ ማስታወቁ፣ ሕጉ የተኛ አለመሆኑን ለማሳየት ሊቀርብ የሚችል ማስረጃ ነው።

አመልካቹ ራሱን ማስረዳቱም ቀላል አይደለም። ከታኅሣሥ 2014 (እ.ኤ.አ.) ፍርድ ወዲህ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ስለ አልጋ ጉዳይ ዝርዝር መጠየቅ፣ የአካል «ምርመራ» ማድረግና የግብረ ሥጋ ቪዲዮ መቀበል ተከልክሏል፤ የሚቀረው የሰውየው ቃል ነው። ያም ቃል ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በአገሩ ሰው አስተርጓሚ በኩል ነው። በአማርኛ ለጉዳዩ የተለመደው ቃል የወንጀል ሕጉ የሚጠቀምበት «ግብረ ሰዶም» ስለሆነ፣ አመልካቹ ስለ ራሱ ለመናገር መጀመሪያ የተከሰሰበትን ስም መጥራት አለበት። በዳያስፖራው ማኅበረሰብ ውስጥ ወሬ እንዳይወጣ በመፍራት በእንግሊዝኛ ለመናገር የሚመርጡ፣ ወይም የሌላ አገር አስተርጓሚ የሚጠይቁም አሉ።

ጥገኝነት ለአንድ ሰው የሚሰጥ መሆኑም ሌላ መሰናክል ነው። ተቀባይነት ያገኘው ወገን የትዳር ጓደኛውን ሊያስመጣ ይችላል፤ ትዳር ካለው። የአሜሪካ ሕግ ተከታይ ቤተሰብ የሚለው ባልን፣ ሚስትንና ልጆችን ነው። አገር ቤት የቀረው ጓደኛ የጋብቻ ወረቀት ስለሌለው የራሱን የስደት ጉዞ መጀመር ግድ ይሆንበታል።

ወደ ኢትዮጵያ መምጣት

በተቃራኒው አቅጣጫ፣ የውጭ ዜጋው ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ፣ የትዳር ጓደኛ መኖሪያ ፈቃድ የሚባለው መንገድ ስለሌለው በሥራ ወይም በጉብኝት ቪዛ ይገባል። የኢሚግሬሽን አዋጅ ቁጥር 354/1995 መንግሥት የውጭ ዜጋን ከአገር እንዲያስወጣ ሥልጣን ይሰጣል። ጎብኚዎችም ቢሆኑ ያለ ውዝግብ አይገቡም፤ በ2011 ዓ.ም. ቶቶ ቱርስ የተባለ የቺካጎ አስጎብኚ ድርጅት ግብረ ሰዶማውያን ጎብኚዎችን ላሊበላን ጨምሮ ወደ ኢትዮጵያ ቅዱሳት ሥፍራዎች ሊያመጣ መሆኑ ሲሰማ፣ የሃይማኖት ማኅበራት መንግሥት እንዲያግደው ጠይቀዋል።

አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ መሆኗ ደግሞ ነገሩን የዲፕሎማሲ ጥያቄ ያደርገዋል። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ባን ኪ ሙን እ.ኤ.አ. በ2014 ድርጅቱ የሠራተኞቹን የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ፣ በተፈጸመበት አገር ሕጋዊ እስከሆነ ድረስ፣ እንዲያውቅ አድርገዋል። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ ለባለቤቱ የጤና መድንና የቤተሰብ አበል ከድርጅቱ ያገኛል። የቤተሰብ ቪዛ የሚሰጠው ግን አስተናጋጁ መንግሥት ነው። የ1961ዱ የቪየና የዲፕሎማሲ ስምምነት «የቤተሰብ አባል» የሚለውን ቃል ሳይተረጉም አልፎታል፤ ትርጉሙም ለተቀባዩ አገር ሕግ ተትቷል።